ከካርቶኑ ያልወጣው ሳጥን

ፑዌብሎ፣ ኮሎራዶ

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? የባለቤትህ ጉልበት ተሻላት? አባባ በርበሬ ያመርትበት የነበረውን ማሳ ውርጭ አልነካውም አሉኝ፤ ማሪዋናህ ደልቶታል ማለት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ኤሊሴዮም ከሆስፒታል ወጥቷል። ይበላል፣ ይተኛል፤ ግድግዳው ያወራኛል ማለቱንም ትቷል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ይቅር አላልኩህም። ልጄ ገና አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የትምህርት ዕረፍቱን ሙሉ አንተ ዘንድ ሲሠራ ያንን ማሪዋና ያለበት ከረሜላህን እንደሚበላ እያወቅክ ዝም አልከኝ። ሆስፒታል ሳፋጥጥህ ምን ነበር ያልከው? «አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ! ሕጋዊ ነው እኮ፣ እንደ ቢራ ቁጠሪው። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።» ሕጉ የፈቀደው ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ነው ብልህ ነርሷን ጠቀስካት።

ባለፈው ገና፣ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለወላጆች ከሚያድለው በቁጥር የሚቆለፍ ሳጥን አንዱን አመጣሁልህ። ከረሜላህን ቆልፍበት አልኩህ። «ለማን ብዬ? ልጄ ማሪሶል እንደሆነች ኮካ ኮላ እንኳ አትጠጣም!» ብለህ ከነካርቶኑ ጋራዥ ወረወርከው። በሥራዬም ሳቅክብኝ።

ቂሜን የምወጣበትን ቀን ስጠብቅ ነበር። ይኸው መጣ።

ስለ ዕፅ ሳስተምር ልጆቹ ያሾፉብኛል። «ቲቸር፣ እናቴ በየማታው ትወስዳለች፤ ሂጂና እሷን አስተምሪያት!» ይሉኛል። ሐሙስ ዕለት አንዲት ልጅ ብቻ አልሳቀችም። ክፍሉ ባዶ እስኪሆን ጠብቃ፣ ሰው መተው ፈልጎ ካቃተው ምን ያደርጋል ብላ ጠየቀችኝ። ከየት ታገኚዋለሽ አልኳት። ከቤት ነው፣ መሳቢያው ክፍት ነው፣ ማንም ልብ አይለውም አለችኝ። ወደ ሐኪም ወስጃታለሁ። አባቷ እንዳይሰማ ስታስምለኝ ግን ማልኩላት።

አባትየውን አውቀዋለሁ። የኔ ልጅ ጨዋ ናት እያለ ደረቱን ነፍቶ ሲዞር ይታየኛል፤ ደስ ይለኛል። አዎ፣ ደስ ይለኛል! እኔን ያቃጠለኝ ነገር ደጁ ቆሞ እሱ አያውቅም። አልነግረውም። እንዳይጨነቅ ብዬ ነው።

በል ሰላም ሁን። አንተ ያልጠበቅከውን ቤት እመቤታችን ትጠብቅልህ። ጋራዥ ከገባህ ያን ካርቶን ክፈተው። የቁልፉን ቁጥር ያኔውኑ ሞልቼልህ ነበር፤ የማሪሶል የልደት ቀን ነው።

እህትህ፣
የኤሊሴዮ እናት