ስልሳ ሦስት ፊርማ

ይድረስ ለእናቴ ልጅ፣ ለወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ያልከኝን አላመንኩህም። ደህና የሆነ ሰው ከወንበር ሲነሳ አያቃስትም፤ የእኔ ጆሮ ደግሞ ገና አልደከመም። አውቶቡስ ስር መጋደሙን ለወጣቶቹ መካኒኮች ተውላቸው ብዬህ ነበር፤ መቼም ምክር በአንድ ጆሮህ ገብቶ በሌላው መውጣቱ የልጅነትህ ነው። ሚስትህ ደህና ናት? ልጆቹስ በረቱ? ሁሉንም አንድ በአንድ ሳምልኝ። እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

አሁን የምጽፍልህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ አውርቼ ዘጋሁት። እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን ምላሴ ይተሳሰራል። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ዓይን ዓይንህን አያይህም። ወሬው በሌላ ሰው አፍ ሳይደርስህ ደግሞ ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

ባለፈው ወር የሰፈራችን ምክር ቤት አዳዲስ አባላት ለማስመረጥ ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ ያው የምታውቀው ነው፤ ጣሪያው ብቻ ተቀይሯል። መቶ ወንበር ተደርድሮ አሥራ አራት ሰው መጣ። ከመካከላችን በዕድሜ ትንሹ ልብስ ሰፊው ነበር፤ እሱም ጸጉሩን ጥቁር ቀለም ስለሚቀባ እንጂ የልጅ ልጅ አይቷል። የአሁኑ ሊቀመንበር ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ባዶውን ወንበር ሁሉ ቃኘና «የዛሬ ወጣት ምን ግድ አለው! ከስልኩ ቀና አይል» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅኩ። በመጨረሻ «እርስዎን ሰው ይሰማዎታል፤ እስቲ ልጆቹን ያነጋግሩልን» ብለው እኔን መረጡ።

ወደ ቤት ስመለስ በእግሬ ነበር የምሄደው፣ በሐሳቤ ግን ከአንተ ጋር ነበርኩ። ያ አዳራሽ መቀመጫ ጠፍቶ መስኮት ላይ ትንጠለጠሉበት የነበረው ጊዜ ድቅን አለብኝ። የግድግዳ ጋዜጣችሁ ትዝ ይልሃል? እኔ የማባዣውን ስቴንስል ወረቀት በታይፕ እመታላችሁ ነበር፤ እናንተ የማባዣውን እጀታ እየተፈራረቃችሁ ታዞራላችሁ። አንዱ ፊደል ተገደፈ ብሎ ይጮሃል፣ ሌላው ግጥሙን ለምን ከታች አደረጋችሁብኝ ብሎ ያኮርፋል። አንተ እጅህ እስከ ክርንህ ቀለም ሆኖ ትመጣና ሳትታጠብ ትተኛለህ፤ በማግስቱ ትራሱ ላይ አምስቱም ጣትህ ታትሞ አገኘዋለሁ። ስንቴ ተቆጣሁህ! እናታችን ካረፈች በኋላ ያቺ አንዲት ክፍላችን እንደዚያ ጊዜ ሞልታ አታውቅም። የዚያ ቀለም ሽታ ዛሬ በጠርሙስ ቢሸጥ ገዝቼ አስቀምጠው ነበር።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ከአዳራሹ ማዶ ስልክ ወደምትጠግን ልጅ ሄድኩ። ሽቦ ይሏታል፤ ቅጥነቷን አይተው ይሁን ሥራዋን አላውቅም። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚሰበሰበው። ስገባ አጉሊ መነጽር ዓይኗ ላይ ሰክታ፣ ጥቃቅን ብሎኖችን በጠርሙስ ክዳን ለይታ፣ በወረንጦ አንድ የማይታይ ነገር ታነሳለች። አራት አምስት ወጣቶች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። የመጣሁበትን ነገርኳት።

«እማማ፣ ስብሰባው መቼ ነበር?» አለችኝ ቀና ሳትል።

«ማክሰኞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት» አልኳት።

«ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት እኔ እዚህ ነኝ። ይቺ ያኔ ፋብሪካ ናት፣ ይሄ ክፍል ውስጥ ነው። ጡረተኛ በሚመቸው ሰዓት ጠርታችሁ ጡረተኛ ብቻ መጣ ብላችሁ ትገረማላችሁ?»

እሷ ገና መጀመሯ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ተጠርተው ሄደው ነበር አሉ። ወንበር አስደረደሯቸው፣ ማይክ አስተከሏቸው፣ ከዚያ ሦስት ሰዓት ሙሉ ምክር አጠጧቸው። እጃቸውን ሲያወጡ ሰዓት አልቋል ተባሉ። «እዚያ ቤት እኮ እሳቸው ሊቀ መንበር ናቸው፣ እኛ ደግሞ ሊቀ ወንበር!» አለች። አግዳሚው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ።

«ለመሆኑ ምን ልትጠይቁ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳት።

«አውቶቡስ» አለች።

ወንድሜ፣ አውቶቡሱ ዛሬም ላይኛው አደባባይ ድረስ ብቻ ሄዶ ይመለሳል። የማታ ተማሪዎች ዛሬም ያን ሁሉ ቁልቁለት በጨለማ በእግራቸው ነው የሚወርዱት። ልጅቷ ወረንጦዋን እያወናጨፈች ቀጠለች፤ «አባቴ ሲያወራ፣ ድሮ አንድ ልጅ ለዚሁ አውቶቡስ ስልሳ ፊርማ አሰባስቦ አስገባ። ወረቀትህ አልደረሰንም ብለው ሳቁበት። አገር ጥሎ ሄደ። ታዲያ እኛ ከሱ በምን እንሻላለን?»

«ስልሳ ሦስት ነው» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። «እርስዎ እንዴት አወቁ?» አለችኝ።

ወንድሜ፣ ለአንተ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልነገርኩህን ነገር ለእነዚያ ልጆች ቆሜ ነገርኳቸው። ቅድሚያው የአንተ ነበር። ይቅር በለኝ። እነሆ አሁን፦

ወረቀቱን ሰኞ ጠዋት በእጅህ ለእኔ ሰጠኸኝ። ረቡዕ የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ። ስድስት ዓመት ምክር ቤቱ ውስጥ በጊዜያዊነት ታይፕ ስመታ እንደቆየሁ ታውቃለህ። «የቋሚ ቅጥርሽ ጉዳይ ዓርብ ይታያል» አለኝ። ቀጥሎም ጨዋታ እንደሚቀይር ሰው፣ «የታችኛው ሰፈር ልጆች የሆነ ወረቀት ጽፈዋል ይባላል፤ ለእኔ ባይደርሰኝ ለሁላችንም ደግ ነው» አለ። አልጮኸብኝም። አላስፈራራኝም። እንዲያውም ሻይ አዘዘልኝ፤ ጠጣሁት። ወጥቼ ወረቀቱን ከታችኛው መሳቢያ፣ ከካርቦን ወረቀቶቹ ስር ከተትኩት። የሁለታችን ጉሮሮ በዚያች ሥራ ላይ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እውነትም ነበር። ግን እውነት መሆኑ ምንም አላቀለለልኝም።

ቅዳሜ እኔ ራሴ የተኮስኩልህን ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ ከኋላ ቆምክ። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ሦስት ሰዓት ቆመህ ጠበቅክ፤ ጉዳይህ አልተነሳም። እጅህን አውጥተህ ስትጠይቅ ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ «እንዲህ ያለ ወረቀት ደርሶናል እንዴ?» አለ። እኔም «መዝገቡ ላይ የለም» አልኩ። ቃል በቃል ይህን ነው ያልኩት። ውሸት አልነበረም፤ መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትማ! አዳራሹ ሳቀ። አንተ ግን የሳቁትን አላየህም፣ እሱንም አላየህም፤ እኔን አየኸኝና ወጣህ። ጓደኞችህም አንድ በአንድ ተከትለውህ ወጡ። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ሰው አልታየም። በወሩ የቆርቆሮ ሻንጣህን ይዘህ ሄድክ፤ አውቶቡስ ይምጣልን ያልከው ልጅ ዕድሜህን አውቶቡስ ስር ጨረስከው።

ተናግሬ ስጨርስ ይሰድቡኛል ብዬ ነበር። ሽቦ ወረንጦዋን አስቀምጣ «ወረቀቱስ?» አለችኝ።

«አለ። ጡረታ ስወጣ ቤቴ ወስጄዋለሁ።»

«እንግዲያው ይዘውት ይምጡና አዳራሹ ውስጥ ያንብቡት። እሱን ካደረጉ እኛም እንመጣለን» አለች። በዚያው የሚፈልጉትን ደረደሩ፤ ስብሰባው እሑድ ከሰዓት ይሁን፣ አጀንዳው ቀድሞ በእጃችን ይግባ፣ መጀመሪያ እኛ እንናገር፣ ቃለ ጉባኤውን ከእኛ አንዱ ይያዝ፤ ወንበሩን የሚቀመጥበት ሰው ራሱ ያምጣ።

መምህሩ ይህን ስነግረው ፊቱ ቀላ። «ሊያዙን ነው እንዴ?» አለ። እኔም «የሂሳብ ሰው ነህ፤ ከመቶ ወንበር አሥራ አራት ሰው፣ ውጤቱ ስንት ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ወድቀናል» አለ። ሳቅንና ተስማማን።

በተባለው እሑድ ሃምሳ ሁለት ወጣት መጣ። ቆሜ ማመልከቻህን አነበብኩት፤ ከዚያ ስልሳ ሦስቱንም ስም ጠራሁ። እኔ ስጠራ ከዚህም ከዚያም «አባቴ ነው»፣ «አክስቴ ናት» የሚል ድምፅ ይሰማል። አንዲት ልጅ እናቷ እንዲህ ያለ ነገር ላይ መፈረሟን ሰምታ አታውቅም ነበርና አፏን በእጇ ይዛ ቀረች። ዘጠኝ ስም ላይ «አርፈዋል» ተባለ፤ አፈሩ ይቅለላቸው። የአንተ ስም ሲደርስ «ወንድሜ ነው» አልኩ። ወረቀቱን የደበቀው ማን እንደሆነም ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊው ተነሳና «እኔ ያን ቀን ከሳቁት አንዱ ነኝ» አለና ተመልሶ ተቀመጠ።

ሽቦ ጸሐፊ ሆና ተመረጠች፤ ሁለት ጓደኞቿም አባል ሆኑ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለ አውቶቡሱ ወጣ። «ጥያቄያችሁ እየተጠና ነው» የሚል መልስ መጥቷል፤ ያው እንደምታውቀው ዓይነት መልስ። ግን ቁጥርና ቀን አለው፤ ሽቦ ደግሞ የገባውንም የወጣውንም ወረቀት በስልኳ እያነሳች ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ትልከዋለች። «መሳቢያ የለንም፣ እማማ» ትለኛለች። ወጣቱ ሁሉ ስብሰባ ወዳድ ሆነ ብዬ አልዋሽህም፤ በሁለተኛው ጊዜ የመጡት ሠላሳ ናቸው። አንዳንዱ አንድ ቀን ተናግሮ ወጣለትና ቀረ። የመጡት ግን ይጨቃጨቃሉ! አንዱ ያኮርፋል፣ ሌላው ይጮሃል። ከኋላ ተቀምጬ ስሰማቸው ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ስጨፍን እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማመልከቻህን ስፈልግ የላክልኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ወጡ፤ ትናንት ቁጭ ብዬ አገላበጥኳቸው። ከሄድክ በሁለተኛው ሳምንት የጻፍከው፣ የመጀመሪያው፣ እንዲህ ይላል፦ «ቋሚ በመሆንሽ ደስ ብሎኛል። እኔም ጋራዥ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከእንግዲህ ስለ እኔ ብለሽ ምንም እንዳታደርጊ።»

ቋሚ መሆኔን አልነገርኩህም ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ አፍሬ። ያን ደብዳቤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንደ ወንድም ማጽናኛ ሳነበው ኖሬአለሁ። ትናንት ግን መነጽሬን አውልቄ ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ለካ አንተ ያኔውኑ ሁሉንም አውቀህ ነበር።

ማን እንደነገረህ አልጠይቅህም። አንተም መልስ ለመጻፍ አትቸኩል። ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል፤ ልጆቹ ሊያዩህ ይፈልጋሉ፣ ሽቦም ቆርቆሮ ሻንጣ ይዞ የሄደው ሰውዬ በእውነት አለ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች።

ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ። የልጆችህን ቃል ሜዳ ላይ ከመቅረት ይጠብቅልህ። የልብህን ስፋት ለእኔም ትንሽ ያካፍለኝ።

አሳደግኩት እያልኩ የኖርኩ፣
እህትህ