ጅቡቲ የቀረው ጥቅል

ማክሰኞ

ተገኘ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የምታንጎራጉረው ዜማ ተገኘ። ፋርማሲ አብራኝ የምትሠራው ፎዚያ ስልኳን አፌ ሥር ደቅና «በይ አንጎራጉሪ» አለችኝ። አፈርኩ፣ ግን አንጎራጎርኩ። ስልኩ ሲፈልገው የድሮ የፈረንሳይ ፊልም ሙዚቃ ሆኖ ወጣ። እማዬ ከአባባ ጋር ሳይጋቡ በፊት፣ እዚሁ ከዚራ ሰፈር ሲኒማ ቤት ያዩት ነው። ፎዚያ ፊልሙን በፍላሽ ጫነችልኝ።

እማዬ የዓይኗ ሞራ ከተገፈፈ ገና ሦስት ሳምንቷ ነው። ቅዳሜ ላሳያት ቃል ገባሁ፤ ደስ አላት። አባባ ወሬውን ሲሰማ ምሳውን ትቶ ተነሳ። ድሮም እሷ ያን ዜማ ስትጀምር ሰበብ ፈልጎ ይወጣል።

ረቡዕ

ቀድሜ ብቻዬን አየሁት። ጥቁርና ነጭ። ከሥሩ እንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ እሱን እያነበብኩ እተረጉምላታለሁ። አንዲት ልብስ ሰፊ መርከበኛ ትወዳለች። መጨረሻ ላይ «አትጠብቀኝ» ብላው ባቡር ትሳፈራለች። ባቡሩ ሄዶ ሙዚቃው ባዶው ሐዲድ ላይ ይቀራል። አለቀስኩ።

ግን ግራ ገባኝ። እማዬ ለኛ ስትተርክልን ሴትየዋ ትመለስ ነበር።

ሐሙስ

በዚህ ሙቀት አባባ በባጃጅ ፋርማሲ ድረስ መጣ። የግፊት መድኃኒቱ ያለቀበት መስሎኝ ነበር። «ያ ፊልም ይቅር» አለኝ። ከዚያ ተናዘዘ።

ያኔ ባቡር ጣቢያ ይሠራ ነበር። ፈረንሳይኛ እችላለሁ ብሎ ሲኒማ ቤቱ ውስጥ እማዬ ጎን ተቀምጦ ተረጎመላት። የሚችለው የጣቢያውን ቃላት ብቻ ነው፦ ደረሰ፣ ዘገየ፣ ጭነት። የቀረውን ከራሱ ሞላው። ሲወጡ እንድታገባው ጠየቃት። እሷ ግን በፊልሙ ሆዷ ባብቶ «በቃ እንዲህ አለቀ?» አለችው። «ምን አለቀ፣ የፊልሙ የመጨረሻ ጥቅል ጅቡቲ ቀርቶ ነው፣ በባቡር ይመጣል» አላት። «እንግዲያው ሲመጣ እመልስልሃለሁ» አለች። ከሳምንት በኋላ ጥቅሉ መጣ፣ ለባቡር ሠራተኞች ብቻ ታየ፣ ሴትየዋም ተመለሰች ብሎ ነገራት። እሺ አለችው።

«አንቺም እንደኔ ተርጉሚላት» አለኝ። ሳቄ መጣ። ደግሞ አንጀቴን በላው። ለካ በሰባ ስድስት ዓመቱ ዛሬም እሺታዋን እንዳትወስድበት ይፈራል።

ዓርብ

ያሰብኳቸው መላዎች፦
ፍላሹ ጠፋ ማለት።
መብራት እንዲጠፋ መጸለይ።
መዋሸት።

ፎዚያ «አቦ፣ እውነቱን ንገሪያትና ተገላገሉ» አለችኝ። ለሷ ቀላል ነው፣ አባቷ አይደለም። እናቴን ዋሽቼ አላውቅም ብል እሱም ውሸት ነው፤ ይሄኛው ግን ከበደኝ።

ቅዳሜ

መብራቱ አልጠፋም። ከምሳ በኋላ መጋረጃውን ጋረድን። እማዬ ቴሌቪዥኑ ሥር ተጠግታ ተቀመጠች። አባባ ጫማውን ሳያወልቅ በሩ አጠገብ። እኔ መሐል ሆኜ እተረጉማለሁ።

ሴትየዋ ባቡሩ ላይ ወጣች፣ ዞረች፣ ተናገረች። እኔ ወደ አባባ ዞርኩ።

«ምን አለች?» አለች እማዬ።

አባባ ከበሩ ጋ መለሰላት። «አትጠብቀኝ ነው ያለችው። አትመለስም። የቀረ ጥቅልም አልነበረም፣ ዋሽቼሽ ነው።»

እማዬ ዝም በሉ ብላ እጇን አነሳች። ሙዚቃው እስኪያልቅ ሰማች። ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ለምትመለስ ሴት እንዲህ ያለ ሙዚቃ ይመታል እንዴ? ፈረንሳይኛ ባልችል ጆሮ አልነበረኝም?»

«ታዲያ ለምን እሺ አልሽኝ?»

«ሳምንት ሙሉ ተጨንቀህ እኔ ደስ እንዲለኝ ሴትየዋን መለስካት። ከዚያ ወዲያ ምን ልጠብቅ?»

አባባ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታ ጀመር፣ ፈታው ፈታው አላለቀም።

እሑድ

ዛሬ እማዬ ሽንኩርት እየላጠች፣ ፈገግ ብላ ዜማውን ጀመረች። አባባ እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አነሳ። በር ላይ ቆመ። መልሶ ሰቀለውና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ተቀይማኝ ይሆን?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ሙዚቃውን ስማ» አልኩት።