በወንድሜ ቀኝ በኩል

ጥቅምት 8
ቅዳሜ። ወንድሜን ይዤ አዳራሽ፣ እንደ ወትሮው። ከአምስት ዓመት ሕፃን እስከ ሽማግሌ፣ ኦቲዝም ያለበት የሰፈር ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ነው። የማኅበራችን ሊቀመንበር "እንግዲህ..." ብለው ሲጀምሩ ወንበሩ ሳይቀር ያዛጋል። አባዬ ቀረ። ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር ወገቡን ያመዋል፣ እሁድ ኳስ ካለ ይድናል።
ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በቀኙ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው ከተቀመጠ ተነስቶ ይሄዳል፣ በቃ። እማዬ እንኳ በግራ ናት።

ጥቅምት 15
ውሃ ልጠጣ ተነስቼ ስመለስ ቀኙ ተይዟል። ጡረታ የወጡት የሰፈሩ ሰዓት ሠሪ። ወንድሜስ? ንቅንቅ የለም... የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ፈትተው ብሎን በመጠን በመጠን ይደረድራሉ። አንድ ቃል አይነጋገሩም።
ሰውዬው ኦቲዝም እንዳለባቸው ያወቁት በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው አሉ። "ያኔ ልጅነቴ ገባኝ" አሏት ለእማዬ። እማዬ እንባዋ መጣ። የኔ አልመጣም።
"ወንበሬ ላይ ነዎት" አልኳቸው።
ጎንበስ ብለው ከሥሩ ሳይቀር አዩ። "ስም አልተጻፈበትም።" የምራቸውን ነው።

ጥቅምት 18
እራት ላይ "ሰዓት ሠሪው" አለ። ሦስቴ። እኔን በሳምንት ስንቴ ይጠራኛል?
ቅናት አይደለም... እሺ፣ ነው።

ጥቅምት 22
አደረግኩት።
ግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ወረቀት አለ፤ ምን እንደሚወድ፣ ምን እንደሚረብሸው። የወንድሜን የምሞላው እኔ ነኝ፤ እማዬ "ያንቺ ጽሑፍ ያምራል" ትላለች፣ መነጽሯ የት እንደገባ ስለማታውቅ። ከታች ጨመርኩበት፦ "ከእህቱ በቀር ሌላ ሰው በቀኙ ሲቀመጥ ይጨነቃል።"
ሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ ሁሉንም ያነባሉ። አነበቡ። ብሎናቸውን ሰብስበው ጥግ ሄዱ።
ቀኙ ተመለሰልኝ። ወንድሜ ግን ጥጉን ሲያይ ዋለ።

ጥቅምት 29
ጫማ አላደርግም አለ። "አዳራሽ የለም።" አራት ዓመት አንድ ቅዳሜ ያልቀረ ልጅ።
"አንቺ ነሽ እሱ የሚገባሽ፣ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ እማዬ።
አላውቅም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ምን ነካኝ?

ኅዳር 6
ጠዋት ብቻዬን አዳራሽ ሄድኩ። "ውሸት ነው የጻፍኩት፣ ይቅርታ" አልኳቸው ሰዓት ሠሪውን።
"ይቅርታሽን ሰማሁ። ወረቀቱ ግን አሁንም እንደዚያ ይላል።"
ሊቀመንበሯ "እንግዲህ..." ብለው ዝም አሉ። የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።
ባዶ ወረቀት ይዤ ቤት ተመለስኩ። አራት ዓመት ወረቀቱን ስሞላለት አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም... ለምን?
"በቀኝህ ማን ይቀመጥ?"
"ሰዓት ሠሪው።" አላመነታም።
"በግራ?"
"እማዬ።"
"እኔስ?"
ብዙ አሰበ።
"ፊት ለፊት። ብሎን ታቀብያለሽ።"
እንዳለው ጻፍኩ። ጫማውን አደረገ።
ከሰዓት በኋላ አዳራሽ ብሎን ሳቀብል ዋልኩ። አንዱን ተሳስቼ ብሰጥ ሁለቱም እኩል ቀና ብለው ገላመጡኝ። ቅናቱ? አለ፣ የት ይሄዳል። ግን ሰዓቱ ሲንቀሳቀስ ወንድሜ ፈገግ አለ፣ ሙሉ ፊቱ ታየኝ። ከጎን ሆኜ ግማሹን ብቻ ነበር ለካ የማየው።