ኪራኮስ ያልደረሰባቸው ኳሶች

ማክሰኞ፣ ጁላይ 8

ከሆስፒታል በጊዜ ወጣሁ። ሽሮ ሠራሁ… ጾም ነው። ሩበን ግን ቅር አላለውም፣ ሁለቴ አስጨመረ። የቤዝቦል ቡድኑ ከሩቅ የመጡ ተጫዋቾችን በየሰው ቤት ያሳድራል፤ ለእኛ ይህ ልጅ ደረሰን። ዶሚኒካን ነው፣ ኳስ ወርዋሪ። ከሚያዝያ ጀምሮ ቤዝመንታችን ውስጥ ነው። «ማማ» ይለኛል።

የራሴው ልጅ ኪራኮስ እዚያው ቡድን ውስጥ ሾርትስቶፕ ነው፤ ከወርዋሪው ጀርባ ቆሞ የተመታ ኳስ የሚይዝ። አሌክሳንድሪያ አፓርትመንት አለው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ብቅ የሚለው ለምግብ ነው።

ባሌ ወንድሜነህ ዛሬም ያንኑ ወሬ። ልጃችን ከሰባ ጨዋታ በላይ አንድም ስሕተት፣ እነሱ ኢረር የሚሉት፣ አልተጻፈበትም። የሊጉን ሪከርድ ሊሰብር ጥቂት ነው የቀረው። ደስ ሊለኝ ሲገባ… ሰለቸኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 12

ስታዲየም ሄድን። ሩበን ነው የሚወረውረው። ኳሷ ተመታች፣ መሬት ለመሬት ወደ ኪራኮስ ግራ። ሮጠ። ሊደርስባት ሲል ቀዝቀዝ አለ… አለፈችው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ኳስ። አሁንም እንደዚያው። ይህ ልጅ ድሮ ለእንዲህ ዓይነቷ ኳስ በደረቱ ይወድቅ አልነበር?

«ለምን አልወደቀላትም?» አልኩት ወንድሜነህን።

«ጓንቱን ነክታ ብታመልጠውስ? ኢረር ይጻፍበታላ! ካልነካት ግን ጥፋቱ የወርዋሪው ነው።» ሳቀ። «ብልጥ ነው ልጅሽ!»

ብልጥ? የያዝኩትን ምግብ ጣልኩት።

እሑድ፣ ጁላይ 13

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወንድሜነህ ሰው ሰብስቦ ያወራል። ወይዘሮ ውቢት እጄን ይዘው፣ «እንደው እንዴት አድርገሽ ብታሳድጊው ነው እንዲህ ስሕተት የማያውቅ!» አሉኝ። ፈገግ አልኩላቸው። የራሴ ፈገግታ ቀፈፈኝ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 16

ሩበንን አባረሩት። ብዙ ተመታበት ነው ምክንያቱ። ልብሱን ሲያጣጥፍ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አየሁት።

«ያመለጡት ኳሶች… ኪራኮስ ይደርስባቸው ነበር፣ አይደል?»

ቀና ሳይል፣ «እሱም እንጀራው ነው፣ ማማ። ለትልቁ ሊግ የሚመለምል ስካውት ይመጣል ተብሏል።»

«ታውቅ ነበር?»

«ከኋላዬ እኮ ነው የሚሮጠው። ጫማው ሲቆም ይሰማኛል።»

ሚስቱ እርጉዝ ናት። ኤርፖርት አደረስኩት። ሲያቅፈኝ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ፣ ጁላይ 17

ኪራኮስ መጣ። ፍሪጅ ከፈተ፣ ወጡን አሞቀ፣ በላ። ሩበን የት ገባ እንኳን አላለም።

«ሆን ብለህ ነው?»

«ማም፣ እንደዛ አይደለም። ዋን ኢረር ካደረግኩ ኖባዲ አያየኝም። ዩ ዶንት ጌት ኢት።»

«ገብቶኛል» አልኩት። «በደንብ ነው የገባኝ።»

ተነሥቶ ወጣ። የበላበትን ሳህን መንካት አስጠላኝ። ከሆዴ የወጣ ልጅ እንዲህ ያስጠላል? እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ…

ቅዳሜ፣ ጁላይ 26

ሪከርዱ ተሰበረ። ኬክ፣ ቲሸርት፣ ርችት። ቤተሰብ ለፎቶ ሜዳ ይውረድ ተባለ። ወንድሜነህ እየሮጠ ወረደ። እኔ አልተነሣሁም።

«እታለማሁ! ኧረ ሰው እያየሽ ነው!» አለኝ ከሜዳው።

ይየኝ። ኪራኮስ ከታች ቀና ብሎ አየኝ። እጁን ሊያነሣልኝ ጀመረና ተወው። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለምኑ ነው? ልጄ ላልሞከረው ኳስ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 29

አልሄድኩም። ግን ስልኬ ላይ ከፈትኩት… ለምን እንደሆነ እንጃ። ቡድኑ በሰፊው እየተመራ ነው። አዲሱ ወርዋሪ ተመታበት። ኳሷ ከኪራኮስ የራቀች ናት፣ ብትቀርበት ማንም ምንም አይለውም። ራሱን ወረወረ። ያዛት! ተስፈንጥሮ ተነሣና ወረወራት… አንደኛ ቤዝ ላይ ሊቀበለው ከቆመው ልጅ አናት በላይ፣ ተመልካቹ ውስጥ። ኢረር።

ወንድሜነህ ከስታዲየም ደወለ። ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። «አለቀ! ስካውቱ ፊት!»

«አየሁት» ብዬ ዘጋሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 30

ጠዋት መጣ። ክርኑ ተልጧል፣ ቁስሉ ውስጥ አሸዋ ገብቷል። ወንበር ሳብኩለት፣ ሞቅ ባለ ውኃ አጠብኩለት። 

«ለሩበን ኮል አደረግኩለት» አለ። «ኳሶቹ የኔ ነበሩ አልኩት። ለኮቹም ነገርኩት።»

«ምን አሉህ?»

«ኮች ተናደደ። ሩበን ምንም አላለም… ዘጋብኝ።»

እንኳን ዘጋበት፣ አልኩ በልቤ። የሩበን ቦታ ተይዟል፣ አይመለስም። ስካውቱም ሳያናግረው ሄዷል።

ይቅር አልኩት? እንጃ… አሸዋውን አንድ በአንድ ስለቅምለት ግን አልቀፈፈኝም።