በጎረነነ ድምፅ የዘመሩት ሲስተር አብርሆት መኩሪያ (1962–2017 ዓ.ም.)

ሲስተር አብርሆት መኩሪያ ከአባታቸው ከአቶ መኩሪያ ደገፉና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዓይናዲስ ተክሌ በአርሲ፣ አሰላ ከተማ በ1962 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አጠናቀው በነርስነት ከሠለጠኑ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ምዕራብ ሐረርጌ፣ ቦኬ ተመደቡ። ለአንድ ዓመት ብለው መጥተው ሠላሳ ሦስት ዓመት ኖሩ፤ “ሐረርጌ አልለቅሽም አለኝ” እያሉ ይስቁ ነበር።

በ1988 ዓ.ም. ከመምህር ተስፋዓለም ግርማ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ኑሃሚንንና ዓባይን ወለዱ። በ1993 ዓ.ም. ወደ ጭሮ ተዛውረው የቤተ ክርስቲያናችንን መዘምራን መምራት ጀመሩ። አቤት ድምፅ! በልምምድ ሰዓት ግን ቀልድ አያውቁም፤ አምስት ደቂቃ ያረፈደ ዘማሪ በር ላይ ቆሞ ይጸልያል። ዓይናቸውን ጨፍነው መዝሙር ሲያነሱ የእግዚአብሔር መገኘት ጉባኤውን ሲሞላው ይሰማን ነበር።

በ2008 ዓ.ም. የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ድምፃቸው ጎረነነ። መዘምራኑ ልባቸው እንዳይሰበር ብለው ማይክ ያስይዟቸዋል፤ ሳይነግሯቸው ደግሞ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ከሚክሰሩ ላይ ይዘጉባቸዋል። የእህታቸው ልጅ፣ የዚህ ታሪክ ጸሐፊ፣ ከዘጊዎቹ አንዷ ናት። ያወቁ ዕለት ማይኩን አስቀምጠው ወጡ፤ ሁለት ዓመት ሙሉም አልተመለሱም። ከድምፃቸው ጋር ጌታም የራቃቸው መስሏቸው ነበር።

ዝምታውን ያልወደዱት ጎረቤታቸው ወ/ሮ ሉባባ ናቸው። “አብርሆትዬ፣ ይሄ ቤት ምነው ጭጭ አለ? ድምፅሽ ቢሄድ ፈጣሪሽም አብሮ ሄደ እንዴ? ወላሂ፣ ዝምታሽ እንቅልፍ ነሳኝ!” አሏቸው። በሳምንቱ እሑድ ሲስተር አብርሆት መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ምእመኑ ሲዘምር በዚያው በጎረነነ ድምፃቸው አብረው አዜሙ፤ አለቀሱም። “ጌታን በድምፄ የማመጣው ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ እኔ በሌለሁበትም እዚሁ ነበር፣ ከእኔም አልራቀም” አሉን። ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ ሳቁብን። ከዚያ ወዲህ በቦርደዴና በቦኬ እየተዘዋወሩ፣ ድምፁ አያምርም ተብሎ ከመዘምራን የተመለሰውን ሁሉ እየሰበሰቡ አሠለጠኑ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ55 ዓመታቸው ወደ ናፈቁት ጌታ ሄዱ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው ከእኛ ጋር ናቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በፊቱ ደስታ ያጥግብልን፤ ቤተሰቡንም ያጽናልን።

አንድ አደራ ትተውልናል፦ በቀብራቸው ላይ የቀድሞ የመዝሙር ቅጂያቸው እንዳይከፈት፣ መዘምራንም ብቻቸውን እንዳይዘምሩ። እንግዲህ ይህ ንባብ ሲያበቃ፣ ድምፁ የሰለለውም፣ ዜማ የሚጠፋውም፣ ዕንባ የያዘውም ይዘምር። ማንም ዝም እንዳይል ብለዋል።