በኮትህ ትከሻ ላይ የቀሩት ሁለት ጣቶች

ለክቡር ባለቤቴ ለታዴ፤
ባለህበት።

ክቡር ያልኩህ ወድጄ አይደለም። ከሞትክ ወዲህ የምትጠራው እንዲህ ነው። በሕይወት እያለህ «አንተ ሰውዬ፣ ካልሲህን አንሳ» እየተባልክ ኖረህ፣ ዛሬ ኮትና ከረባት አድርገህ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ተሰቅለሃል፤ የመጣ ሰው ሁሉ ፊትህ ቆሞ አንገቱን ይደፋል። እኔም እንዳልታማ አንድ ጊዜ ክቡር ብዬሃለሁ። ከዚህ በኋላ ግን ታዴ ነህ።

የሄድከው መስቀል ሳይደርስ ነበር። ይኸው ፋሲካም አለፈ፣ ክረምቱም ደጅ ላይ ቆሟል። ልብህ በድንገት ቆመ አሉን። አልገረመኝም፤ ለምንም ነገር ቀጠሮ ይዞ የማያውቅ ልብ ነበር፣ ለመቆምም አልያዘም።

ስለ ቤቱ ልንገርህ። እህትህ እትዬ ዘነበች በቀብርህ ማግስት «እስከ ሠልስቱ አብሬሽ ልሁን» ብለው አንዲት ፌስታል ይዘው ገቡ። ፌስታሏ ዛሬ ቁም ሣጥን ሆናለች። የግቢውን በር ቁልፍ ከመስቀላቸው ጋር ማተባቸው ላይ አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውታል፤ ስለዚህ ቁልፍ ስጡኝ ማለት ሃይማኖት ቀይሩ ማለት ሆኗል። ሐዘንተኛ ብቻዋን አትተውም አይደል ወጉ? አልተተውኩም። መታጠቢያ ቤት ትንሽ ከቆየሁ በሩን አንኳኩተው «አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ» እላለሁ። ታዴ፣ አለሁ ማለት እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ቴሌቪዥኑ አብሮህ የሞተ ይመስል ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ሶፋዎቹ ግድግዳ ተደግፈው እንደ ጤና ጣቢያ ወረፋ ተደርድረዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤት ሄጄ ባዮሎጂዬን አስተምራለሁ። የሕዋስ ሽፋን እንዴት የሚገባውን እንደሚያስገባ፣ የሚወጣውን እንደሚያስወጣ ለተማሪዎች ሳስረዳ፣ ሕዋስ እንኳ ከእኔ የተሻለ መውጫ እንዳላት ትዝ ይለኝና ጠመኔ ይዤ እቆማለሁ። ደወል ሲደወል ቀጥታ ወደ ሰፈራችን ወደ ሳሊተ ምሕረት፣ ቀጥታ ወደ ቤት።

ቅዳሜ ደግሞ ያልደረሱ ለቀስተኞች ቀን ነው። አንዱ ክፍለ ሀገር ነበርኩ ይላል፤ አንዷ ትናንት ነው የሰማሁት ትላለች። እኔ የጎረስኩትን ሽሮ ሳልውጥ እንደ አዲስ አለቅሳለሁ። የሚገርምህ እንባው ይመጣል። እንባው የራሴ ነው፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የሰው።

ስለዚህ የተመኘሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ቅዳሜ ማንም «አለሽ?» ሳይለኝ ከዚያ በር ወጥቼ፣ ውሃ ዳር ተቀምጬ ስለ አንተ መሳቅ። ማልቀሱንስ አስለመዱኝ። ያ ሲስቅ ጎረቤት የሚቀሰቅሰውን ታዴ ግን በዚህ ቤት የሚያነሳው ጠፋ። እዚህ የሚነሳው ባለ ከረባቱ ነው።

ከረባቱን እንዴት እንዳሰርከው አታውቅምና ልንገርህ። ለድንኳኑ ፎቶ ሲፈለግ ጉድ ፈላ። በሠርጋችን ፎቶዎች ሁሉ ላይ ዓይንህን ጨፍነሃል። የመታወቂያህ ደግሞ ፖሊስ የሚፈልገው ሰው ያስመስልሃል። እትዬ ዘነበች ስልኬን ተቀብለው ሲያገላብጡ፣ በርበራ ባሕር ውስጥ ቆመህ የሳቅክበትን አገኙ። ዓይናቸው ደከም ስላለ ባሕሩን አላዩትም፤ ፊትህን ብቻ አዩ። ወሎ ሰፈር አንድ ፎቶ ቤት አስወሰዱት። ባለሙያው ከአንገትህ በታች ያለውን ሁሉ ጥሎ ጥቁር ኮት አለበሰህ፣ ቀይ ከረባት አሰረልህ፣ ባሕሩን አንስቶ መጋረጃ ዘረጋልህ። ጸጉርህ ግን አሁንም እርጥብ ነው። ትከሻህን አቅፎ የነበረውን እጄንም ቆርጦ ጣለው። ግን ቸኩሎ ሁለት ጣቶች ረሳ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ፣ ቀለበቴን እንዳደረጉ፣ ከጀርባህ ብቅ ብለው የኮትህን ትከሻ ይዘዋል።

አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው «ይቺ የምታበራዋ ምንድን ናት?» ቢሉ፣ እትዬ ዘነበች ሳያቅማሙ «የምስጉን መምህር ሽልማት ናት» አሏቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተሸላሚ ነህ። በሚቀጥለው ሳምንት ሽልማቱ የክፍለ ከተማ ሆነ፤ ከዚያ አገር አቀፍ። ለሙት ዓመትህ ፎቶው በትልቁ ይታተማል ስለተባለ፣ እስከዚያ የት እንደምትደርስ እንጃ። የገዛ ጣቶቼን ሲያደንቁልኝ ምን ልበል?

ባሕር የገባንበትን ቀን ግን አንተም የረሳኸው አይመስለኝም። ሐርጌሳ፣ በዚያ የግል ትምህርት ቤት ስናስተምር፣ እዚያም ታስረን ነበር። ከመኖሪያችን ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ መኖሪያችን፤ በመሃሉ አቧራ። ዓርብ ሥራ የለምና ሐሙስ ከሰዓት አራታችን መምህራን ክፍል ተቀምጠን ፈተና እናርም ነበር፤ አንተ ፊዚክስ፣ እኔ ባዮሎጂ፣ ሐያት ኬሚስትሪ፣ ክብሮም ሒሳብ። ድንገት ቀና ብለህ «ከመሃላችን ባሕር ያየ አለ?» አልክ። ሐያት «በቴሌቪዥን» አለች። ክብሮም «ጣና ይቆጠራል?» አለ። አይቆጠርም ተባለ። ስለ ባሕር በር በየሻይ ቤቱ የሚከራከር እንጂ እግሩን የነከረ ከአራታችን አንድ አልተገኘም። ቀዩን እስክሪብቶ ጆሮህ ላይ እንደሰካህ ተነሳህ። «ተነሱ፣ እንሂድ!» ልብስ የለም፣ ስንቅ የለም፣ ዕቅድ የለም። ክብሮም ከጎረቤት በለመናት አሮጌ መኪና ቁልቁለቱን ወደ በርበራ ስንወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለን።

ጾም ነበር። የተጠበሰው ዓሣ ሲመጣ አንተና ክብሮም ዓሣ ይጾማል አይጾምም ብላችሁ ጉባኤ ተቀመጣችሁ። ክርክሩ አላልቅ ሲል፣ ነገሩ ምንም የማይመለከታት ሐያት «እናንተ ስትወስኑ እየቀዘቀዘ ነው፤ ብሉ!» ብላ ፈረደች። በላችሁ። ከዚያ አንዲት ሽርጥ ገዝተህ ታጥቀህ ባሕር ገባህ። ዋና ስለማትችል ወገብህ ላይ ስትደርስ ቆምክና በጣትህ ነክረህ ቀመስክ። «ጨው ነው!» ብለህ ጮህክ፤ ማንም ያልደረሰበት ግኝት ይመስል። ወዲያው ለእትዬ ዘነበች ደወልክ። «እትዬ፣ ባሕሩ እኮ የእውነት ጨው ነው!» ስትላቸው «በእኔ አትቀልድ» ብለው ዘጉብህ። በዚህ ስትስቅ ነው ሐያት ያነሳችን። እኔ ከነቀሚሴ አጠገብህ ቆሜ ነበር። እጄ ትከሻህ ላይ።

አሁን ወደ ባለፈው ቅዳሜ ልውሰድህ። ከእኛ በኋላ ሐርጌሳ የቀሩት ሐያትና ክብሮም ውላቸውን ጨርሰው ሰሞኑን ተመልሰዋል፤ ቀብርህ ላይ አልነበሩምና ሊያለቅሱልህ መጡ። ሳሎኑ በማኅበርተኞች ሞልቷል። ሐያት ገና ከበሩ አየችህ። ከረባቱን አየች፣ እርጥቡን ጸጉር አየች፣ ጣቶቹን አየች። ሻርፗን አፏ ውስጥ ከተተች። ክብሮም ምስኪን ሻርፕ የለው፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እናቶች ይህን ሲያዩ «ወይኔ! ምን ያህል ቢዋደዱ ነው!» ብለው እሪ አሉ። ሳቄ መጣ። መንገድ ላይ እንባ ሆነ፣ እንባው ተመልሶ ሳቅ ሆነ። ከቀብርህ ወዲህ በሙሉ ልቤ ያለቀስኩት ያኔ ነው።

ለቀስተኞቹ ሲወጡ ሐያት ጆሮዬ ሥር «መኪና ውጭ አለ። ቢሾፍቱ፣ ሐይቅ ዳር። አሁኑኑ ተነሺ» አለችኝ። የእትዬ ዘነበች ዓይን እንጂ ጆሯቸው አልደከመም።

«የት ነው እሱ?»

«ትንሽ አየር ብታገኝ ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ዓመቱ ሳይሞላ? ጥቁር ለብሳ ሐይቅ ዳር? ሰው ምን ይላል?» ብለው ማተባቸውን ጨበጡ። ቁልፉን ማለቴ ነው።

በቃ አልኩ በሆዴ። ሶፋው ላይ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ክብሮም ግን ሊረዳኝ ብሎ ያልተጠየቀውን አወጣ፤ «እትዬ፣ እሱም እኮ ይሄን ፎቶ ሲነሳ ባሕር ውስጥ ነበር።»

እትዬ ዘነበች ወደ ፎቶው ዞሩ።

«ኮት ለብሶ?»

«ሽርጥ ለብሶ።»

«ሽልማቱስ?»

እጄን ዘረጋሁላቸው። እትዬ ዘነበች መዳፌን ይዘው እስከ ፎቶው ወሰዱኝ። ቀለበቱን ከቀለበቱ ጋር አስተያዩ። መስታወቱን በነጠላቸው ጫፍ ወልውለው እንደገና አዩ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር።

«እስከየት ገብቶ ነበር?»

«እስከ ወገቡ፣ እትዬ።»

«ያን ቀን ነው የደወለልኝ?»

«ያን ቀን ነው።»

ጓዳ ገቡ። ተቀይመው ነው ብለው እነ ሐያት ጫማቸውን ሲያስሩ፣ እትዬ ዘነበች ትልቁን ጥቁር ሻሻቸውን አስረው፣ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለው ብቅ አሉ። «ሰው ከጠየቀ ጸበል ነው የምንሄደው» አሉና በሩን በገዛ እጃቸው ከፈቱት።

ነጻ ወጣሁ እንዳትል። ጎሮ ጋ መንገዱ ተቆፍሮ መኪናው እንደ ችካል ተተከለ። እሳቸው የፊቱን ወንበር ይዘዋል፤ እኔ ከኋላ ጀሪካኑን ታቅፌያለሁ። በየመሃሉ ዞር ሳይሉ «አለሽ?» ይላሉ። «አለሁ።» ወህኒ ቤቱ ጎማ አውጥቶ አብሮኝ ተጓዘ። ሐይቁም እንደ እኔው ታጥሮ ነው የጠበቀን፤ ዙሪያውን ሆቴል ይዞታል፣ ምሳ ያላዘዘ ውሃ አያይም። አዘዝን። እትዬ ዘነበች ምሳውን ሳይጠብቁ ደረጃውን ወረዱ። ጥበቃው ሮጦ መጥቶ «እናቴ፣ መዋኘት ክልክል ነው» ቢላቸው «ማን ዋኘ? ይልቅ እጄን ያዘኝ» አሉት። ያዛቸው። ጥቁር ቀሚሳቸውን ሰብስበው እግራቸውን ነከሩ። ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቀመሱና ወደ ሰማይ ቀና አሉ።

«ጨው የለውም! ውሸታም!»

ይሄ ሐይቅ ነው፣ እሱ ያለዎት ባሕር ነው ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ሳቁ። ታዴ፣ ሳቃቸው ያንተ ነው። መጀመሪያ ታፍኖ፣ ከዚያ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው፣ ሲያልቅ ሳል የሚሆነው። እዚያ ቤት ውስጥ ስፈልገው የከረምኩት ሳቅ ከአጠገቤ ክፍል ተኝቶ ኖሯል። አፌን ዘጋሁ። ይቅር፣ ውሸታም ሁን።

ስንመለስ ጀሪካኑ አስጨነቃቸው። ባዶውን ብንገባ እንታማለን፤ የሐይቅ ውሃ ሞልተን ብንገባ እንኮነናለን። ስለዚህ መንገድ ላይ ቤተ ክርስቲያን ፈልገን እውነተኛ ጸበል አስቀዳን። ጎረቤቶች ብርጭቆ ይዘው በር ላይ ነበሩ።

በማግስቱ ቁልፉ ወደ አንገታቸው ተመለሰ። ቴሌቪዥኑ ጨርቁን አላወለቀም፣ እኔም ጥቁሬን። ለቀስተኛም መጣ፣ ስለ ሽልማትህም ጠየቀ። እትዬ ዘነበች እኔን አየት አድርገው «ባሕር ማዶ ነው የተሸለማት» አሉ። ለሙት ዓመትህ ፎቶው በትልቁ ይታተማል። ፎቶ ቤቱ ደውሎ ትከሻው ላይ ያለችውን ነገር ላጥፋት ወይ ቢላቸው፣ እንዳትነካት ብለው ዘጉበት። መዝጋት ይወዳሉ፣ ታውቃለህ።

እንግዲህ ቃሌን ያዝልኝ። በሩ የሚከፈትልኝ ቀን ይመጣል፤ ጥቁሩን አውልቄ፣ ማንም ሳይጠራኝ ወደምሄድበት እሄዳለሁ። ያኔ የቀረውን እጄን ይዤ ነው የምሄደው። ሁለቱ ጣቶች ግን ካሉበት አይነሱም፤ በኮት ላይም ቢሆን ትከሻህን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምንህ፣ የእኔ ተሸላሚ፤

ትከሻህን እንዳታነቃንቅ።

አለሁ።
ሚስትህ