ለሀራሙሱ ሐኪም፣ ስለ እህቴ ደረት

ይድረስ በጅቡቲ ከተማ የሀብታሞች ሰፈር በሀራሙስ የግል ክሊኒክ ባለቤት ለሆኑት ለክቡር ዶክተር፤

እንደምን ሰንብተዋል? ለጤናዎ ከእርስዎ በላይ የሚጨነቅ እንደሌለ ባውቅም፣ ጨዋነት ነውና መጠየቄን አልተውኩም። እኔ ፈንታው እባላለሁ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ወደብ የምመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። በቤትዎ አሥራ አንድ ዓመት በሠራተኛነት ያገለገለችው እታለም ታላቅ እህቴ ነበረች። ስለዋሉላት ውለታ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስላስተማሯት። ከደረት አጥንት ጀርባ ታይመስ የሚባል ዕጢ እንዳለ፣ በሽታ የሚመክቱትን የሰውነት ወታደሮች እንደሚያሠለጥን፣ ሰው ሲያረጅ ግን እየሟሸሸ ወደ ስብ እንደሚለወጥ የነገሯት እርስዎ ነዎት። የራስዎን ዕጢ መልሰው ለማሳደግ የሚወጉትን መድኃኒት ማቀዝቀዣ ውስጥ የምትጠብቀውም እርሷ ነበረች። በሐምሌ መብራት ሲጠፋ፣ መድኃኒቱ እንዳይበላሽ በዚያ ወበቅ በረዶ ፍለጋ እስከ ራስ ዲካ ሰፈር በእግሯ ሄዳለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ግልጽነትዎ። ባለፈው ጥር ትኩሳትና ሳል ሲጀምራት፣ «ዶክተር፣ የእኔስ ዕጢ መልሶ አያድግም?» ብላ ጠየቀችዎ። «ገና ሙከራ ነው፤ ደግሞም ለጤነኛ ሰው ብቻ ነው» አሏት። እውነትዎን ነው። ለእህቴ ግን የሚያስፈልጋት የሳንባ ምች መድኃኒት ነበር፤ እርሱም ከወጥ ቤቱ ሃያ እርምጃ በማይርቀው ክሊኒክዎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። ሳሉ እንዳይጋባብዎ ሰግተው፣ በዚያው ቀን ልብሷን በፌስታል አስይዘው፣ ታክሲ ጠርተው ወደ ድሆቹ ሰፈር ወደ ካርቲየ ሁለት ሸኟት። «ሲሻልሽ ትመለሻለሽ» ብለዋታል። በስድስተኛው ቀን እኔ ስደርስ፣ እዚያ ክፍል ያከራየቻት ጀዋሪያ የምትባል ሴት የእህቴን ራስ ደግፋ በማንኪያ ውኃ ታጠጣት ነበር። እታለም ዐወቀችኝ። «ሰውየውን አትቆጣው፤ እርጅናን በጣም ይፈራል» አለችኝ። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስናት፤ ዘግይታችኋል ተባልን። በማግስቱ ዐረፈች። አምሳ ሁለት ዓመቷ ነበር።

አራተኛም ነበረኝ፤ መጻፍ አቃተኝ።

ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ እንዳልል እርሱን በራስዎ ይዘውታል። ስለዚህ ከዕድሜዎ ጋር የማይደክም ትዝታ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ፈንታው መርሻ
ጅቡቲ፣ የካቲት 2008 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ትናንት ስልክ ደውለው፣ በእታለም ቦታ የምትተካ ወጣትና የማትታመም ሴት እንድፈልግልዎ ጠይቀውኛል። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በወደቡ የሾፌሮች ማረፊያ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ እህት ያለው ሁሉ ቆሞ እያነበበው ነው።